የሕንድ ገጠር የእጅ ሽመና፦ ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

ስለ ሕንድና ባንግላዴሽ የገጠር ሸማኔዎች ሰዎች ደጋግመው የሚያነሷቸው ጥያቄዎች ከነመልሳቸው፤ ዓ.ም. ካልተባለ በቀር ዓመቶቹ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

የእጅ ሽመና የሚባለው የትኛው ነው?

ኤሌክትሪክ ሳይገባበት፣ በሰው እጅና እግር ጉልበት ብቻ የሚሸመነው ነው። በሕንድ ገጠር በብዛት የሚገኘው ዓይነት ለእኛ ባዳ አይደለም። ሸማኔው ቤቱ ውስጥ ጉድጓድ ይቆፍራል፣ ጠርዙ ላይ ይቀመጣል፣ እግሮቹን ወደ ውስጥ ይሰድዳል፤ በእግሩ እየረገጠ ድሩን ይከፍታል፣ በእጁ መወርወሪያውን ይልካል፣ ማጉን ይመታል። ሽሮ ሜዳ ወይም ዶርዜ ሄዶ ሸማኔ ሲሠራ ያየ ሰው አንድራ ፕራዴሽ ወይም ጉጃራት መንደር ውስጥ ቢገባ አስረጂ አያስፈልገውም።

ሌሎች ዓይነቶችም አሉ። አንዱ ከመሬት በላይ በእንጨት ተዋቅሮ የሚቆመው ነው፤ ሰፋ ያለ ጨርቅ ለመሥራት ይመቻል። ሌላው እንደ ናጋላንድና ማኒፑር ባሉ የሰሜን ምሥራቅ ክልሎች ሴቶች የሚሠሩበት ነው። የድሩ አንድ ጫፍ ምሰሶ ወይም ግድግዳ ላይ ይታሰራል፣ ሌላው ጫፍ በመታጠቂያ ከሸማኔዋ ወገብ ጋር ይያያዛል፤ ድሩ የሚወጠረው እሷ ወደ ኋላ ስትለጠጥ ነው። ሥራው ሲያበቃ ተጠቅልሎ ጥግ ይቀመጣል።

ስንት ሰው በዚህ ሥራ ላይ አለ?

በ2019-20 በተካሄደው አራተኛው የሕንድ የእጅ ሽመና ቆጠራ ወደ 3.5 ሚሊዮን ሠራተኞች ተመዝግበዋል። ከአሥር ቤተሰብ ወደ ዘጠኝ የሚጠጋው ገጠር ውስጥ የሚኖር ነው። የመጀመሪያው ቆጠራ በ1987-88 ሲካሄድ ቁጥሩ 6.7 ሚሊዮን ነበር፤ በ2009-10 ወደ 4.3 ሚሊዮን ወርዶ ነበር። በሠላሳ ዓመት ውስጥ ግማሽ ያህሉ ሥራውን ትቷል ማለት ነው።

ይህን ቁጥር ስታነቡ አንድ ነገር ልብ በሉ። ከሁሉም ክልል ብዙ ሸማኔ የተቆጠረው በሰሜን ምሥራቋ አሳም ነው። በአሳም ገጠር ደግሞ ሽመና ለሴት ልጅ እንደ ወጥ መሥራት ያለ የቤት ሙያ ነው፤ ብዙዋ የምትሸምነው ለራሷና ለቤተሰቧ ነው፤ ሲተርፍ ትሸጣለች። በደቡቡ ታሚል ናዱ ክልል ወይም በሰሜኑ ባናራስ ከተማ ያለው ሸማኔ ግን እንጀራው እሱ ብቻ ነው። ቆጠራው ሁለቱንም «ሸማኔ» ብሎ ይደምራቸዋል።

ሳሪ ሁሉ የእጅ ሥራ ነው?

አይደለም፤ አብዛኛው አይደለም። የሕንድ መንግሥት ራሱ የእጅ ሽመና ከአገሪቱ የጨርቅ ምርት 15 በመቶ ያህሉን ይሸፍናል ይላል። ዱባይም ሆነ አዲስ አበባ ሱቅ ውስጥ በርካሽ የሚሸጠው የሚያብረቀርቅ ሳሪ በአመዛኙ እንደ ሱራት ካሉ ከተሞች የሚመጣ የማሽን ሥራ ነው፤ ክሩም ሐር ሳይሆን ሰው ሠራሽ ነው። መጥፎ ነው ማለቴ አይደለም፤ የገጠር ሸማኔ ሠራው ተብሎ በእጥፍ ከተሸጠላችሁ ግን ተታላችኋል።

ካዲና የእጅ ሽመና አንድ ናቸው?

ልዩነቱ ክሩ ላይ ነው። ካዲ ለመባል ጨርቁ በእጅ መሸመኑ አይበቃውም፤ ክሩም በእጅ የተፈተለ መሆን አለበት። ሌላው የእጅ ሽመና ግን ክሩን ከፋብሪካ ገዝቶ በእጅ ይሸምናል። እኛ አገር ሁለቱ ባንድ ጨርቅ ላይ ይገናኛሉ፦ ብዙው ነጠላና ጋቢ ድሩ የፋብሪካ ክር፣ ማጉ የእጅ ፈትል ነው። በሕንድ ሕግ ቢዳኝ ጋቢያችን ካዲ ሊባል አይችልም፤ እናቶቻችን ይህን ቢሰሙ ምን እንደሚሉ እንጃ።

«በእጅ የተፈተለ» የሚለውም ዛሬ እንዝርት ማለት አይደለም። አሁን በካዲ ማዕከሎች የሚሠራበት አምባር ቻርካ የሚባለው ነው፤ በርካታ እንዝርቶችን ባንድ ጊዜ የሚያዞር፣ በእጅ የሚሽከረከር መሣሪያ። ካዲን የሚቆጣጠረው መሥሪያ ቤት በ1956 በወጣ ሕግ የተቋቋመ ነው። የሕንድ ባንዲራ ለረጅም ዘመን ከካዲ ብቻ እንዲሠራ ሕግ ያስገድድ ነበር፤ በታኅሣሥ 2021 መጨረሻ ግን ደንቡ ተሻሽሎ በማሽን የተሠራ ፖሊስተርም ተፈቀደ። በካርናታካ ሁብሊ ከተማ የካዲ ባንዲራ ሲሠሩ የኖሩት ሴቶች ያን ለውጥ በደስታ አልተቀበሉትም።

ሸማኔው ወንድ ነው ወይስ ሴት?

ቦታው ይወስነዋል። ቆጠራው ከሸማኔዎቹ 72 በመቶ ሴቶች ናቸው ይላል፤ ይህን ያህል ከፍ ያደረገው ሰሜን ምሥራቁ ነው። እዚያ መሸመን የሴት ነው። ወደ ባናራስ ስትመጡ ደግሞ መወርወሪያውን የያዘው ወንድ ነው፤ ሚስቱና ልጆቹ ክር ሲጠቀልሉ ይውላሉ። በባንግላዴሽ ጃምዳኒ የሚባለው ባለ አበባ ስስ ጨርቅ በሚሠራባቸው መንደሮችም ጉድጓዱ ላይ ለዘመናት የተቀመጠው ወንድ ነው።

እኔ በበኩሌ ጥያቄው ራሱ ትንሽ የተንጋደደ ይመስለኛል። ሽመና የአንድ ሰው ሥራ ሆኖ አያውቅም። አንድ ሳሪ ጉድጓዱ ጋ ከመድረሱ በፊት ክሩ ይታጠባል፣ ይቀለማል፣ ይደርቃል፣ ይደወራል፤ ድሩ በልኩ ተቆጥሮ ይዘረጋል፣ በሩዝ ሙቅ ይጠነክራል፣ እያንዳንዱ ክር በየቀዳዳው ይገባል፤ ማጉ በየቀሰሙ ይጠቀለላል። አንድ ሸማኔ ያለ ሥራ እንዳይቀመጥ ከኋላው ሁለትና ሦስት ሰው ይሠራል። እነሱ በአብዛኛው የቤቱ ሴቶችና ሽማግሌዎች ናቸው። ሂሳብ የሚከፈለው በሳሪ ስለሆነ ገንዘቡ ሸማኔው እጅ ላይ ይወድቃል፣ የእነሱ ድካም «እገዛ» ይባላል። ቆጠራው «ተጓዳኝ ሠራተኞች» ብሎ የመዘገባቸው ከ850 ሺህ አይበልጡም። ከ2.6 ሚሊዮን በላይ ሸማኔ ባለበት አገር ይህ ቁጥር አነሰብኝ፤ ብዙዎቹ ሴቶች ሥራ አለሽ ወይ ሲባሉ የለኝም ብለው መልሰው ይሆናል።

ሩዙ ለምን ይገባል? ዝናብ ሲመጣስ ለምን ሥራ ይቆማል?

የጥጥ ድር ሲፋተግ ይቆረጣል። ስለዚህ ከመሸመኑ በፊት የሩዝ ሙቅ ወይም ሌላ ስታርች ይቀባል። በደቡብ ሕንድ መንደሮች ይህ የሚሠራው መንገድ ላይ ነው፤ ድሩ በጎዳናው ርዝመት ይዘረጋል፣ ሰዎች ግራና ቀኝ ሆነው በትልልቅ ብሩሽ እየቀቡ ክሩን ከክር ይለያሉ። የሚሠራው ጎሕ ሲቀድ ነው። ፀሐይ ከበረታ ክሩ ሳይለያይ ስለሚደርቅ ተጣብቆ ይቀራል።

ዝናብ ከመጣ መንገዱ የለም። ከሰኔ እስከ መስከረም ባለው ክረምት አየሩ ስለሚርስ ቅቡ አይደርቅም፣ ቀለም የገባውም ክር አይደርቅም፣ ጉድጓዱም ከሥር ውኃ ያመነጫል። በነሐሴ 2018 በኬረላ ክልል ከባድ ጎርፍ ሲመጣ ቼንዳማንጋላም የሚባለው የሸማኔ አካባቢ ለኦናም በዓል ያዘጋጀው ጨርቅ ከነመሥሪያው ጭቃ ዋጠው። ጊዜው በጣም ክፉ ነበር፤ ኦናም የዓመቱ ዋና ገበያቸው ነው። ኋላ የተበላሸው ሳሪ ታጥቦ፣ ተቆራርጦ፣ ቼኩቲ የምትባል ትንሽ አሻንጉሊት እየተሠራበት ተሸጠ፤ በጎ ፈቃደኞች በየቦታው ተሰብስበው ይሠሯት ነበር። እድፉን ሆን ብለው አልሸፈኑትም።

አንድ ሳሪ ለመሥራት ስንት ቀን ይፈጃል?

ሳሪ ባብዛኛው አምስት ሜትር ተኩል ያህል ነው፤ አብሮት ለሚለበሰው ሸሚዝ የሚሆን ቁራጭ ሲታከልበት ከስድስት ሜትር ይበልጣል። ጥለቱ ቀላል የሆነ የጥጥ ሳሪ ሁለት ሦስት ቀን ይበቃዋል። ከዚያ በላይ ያለው እንደ ጥበቡ ነው።

በታሚል ናዱ ካንቺፑራም ከተማና በዙሪያዋ የሚሠራው የሐር ሳሪ ኮርቫይ በሚባለው ስልት ሲሠራ ሦስት መወርወሪያ ይፈልጋል፦ አንዱ ለመሐሉ፣ ሁለቱ ለግራና ቀኝ ጥለት። ስለዚህ ከሸማኔው ጎን አንድ ረዳት ይቀመጣል። የመሐሉና የጥለቱ ቀለም የተለያየ ሆኖ ማግ ለማግ ተቆላልፎ ስለሚሸመን ሳሪው ቢያረጅ እንኳ ጥለቱ አይለቅም ይባላል።

በባንግላዴሽ ዋና ከተማ በዳካ አቅራቢያ፣ በሺታላኪያ ወንዝ ዳርቻ የሚሠራው ጃምዳኒ ደግሞ ትዕግሥት የሚፈትን ነው። ሁለት ሰዎች ጎን ለጎን ይቀመጣሉ፤ በቀኝ መምህሩ፣ በግራ ተማሪው። አበባው በወረቀት ላይ የለም፣ መምህሩ ራስ ውስጥ ነው። እያንዳንዷ ቅጠል ለብቻዋ በትንሽ ክር በድሩ መካከል በእጅ ትገባለች። ሥራው ከሳምንታት እስከ ወራት ይወስዳል። ዩኔስኮ በ2013 በማይዳሰሱ ቅርሶች መዝገብ ያሰፈረው ይህን ጥበብ ነው። የጉጃራቱ የፓታን ፓቶላ ደግሞ ከዚህም ይብሳል፦ ድሩም ማጉም ከመሸመኑ በፊት እየታሰረ ስለሚቀለም፣ አበባው የሚወጣው ሁለቱ በትክክል ሲገጥሙ ብቻ ነው። አንድ ሳሪ ስድስት ወርና ከዚያ በላይ ይፈጃል።

ሸማኔው ስንት ያገኛል?

ትንሽ። በ2019-20ው ቆጠራ መሠረት ከሸማኔ ቤተሰቦች 66 በመቶ ያህሉ በወር ከ5,000 ሩፒ በታች ነበር የሚያገኙት። ልብ በሉ፣ ይህ የቤተሰቡ ገቢ ነው፤ ክር የምትጠቀልለዋ እናት፣ ድር የሚያዘጋጀው አባት፣ የሚሸምነው ልጅ ሁሉ ተደምረው።

ለማነጻጸር ያህል፣ በ2005 የወጣው የገጠር ሥራ ዋስትና ሕግ ለአንድ የገጠር ቤተሰብ በዓመት 100 ቀን የጉልበት ሥራ ያረጋግጥ ነበር፤ ኩሬ መቆፈር፣ መንገድ መጥረግ፣ የአፈር እርከን መሥራት። በየቦታው ሸማኔዎች መወርወሪያቸውን አስቀምጠው ወደዚያ ሄደዋል። ችግሩ ከአካፋው ሲመለሱ ነው። መዳፍ ከሻከረ የሐር ክር ይይዛል፣ ይስባል፣ ይቆርጣል። ስለዚህ ሐር የሚሠራ ሰው አካፋ የሚያነሳው የመጨረሻ ሲቸግረው ነው።

ክሩን ማን ይገዛል? ጨርቁን ማን ይሸጣል?

የራሱን ክር ገዝቶ የራሱን ጨርቅ የሚሸጥ ሸማኔ ጥቂት ነው። ብዙው የሚሠራው ለባለ ገንዘብ ነው። ሕንዶች ከእንግሊዝኛ ወስደው «ማስተር ዊቨር» ይሉታል፤ ስሙ ዋና ባለሙያ ያስመስለዋል እንጂ ብዙ ጊዜ መወርወሪያ ነክቶ የማያውቅ ነጋዴ ነው። ክሩንና ንድፉን ይሰጣል፣ የተሸመነውን ይወስዳል፣ በሳሪ ልክ ይከፍላል። ጥልፍልፉ ያለው ብድሩ ላይ ነው። ልጅ ሲዳር፣ ሰው ሲታመም ነጋዴው ያበድራል፤ ዕዳው እስኪያልቅ ድረስ ሸማኔው ለሌላ መሥራት አይችልም። ዕዳው ደግሞ ቶሎ አያልቅም።

ይህን ለመስበር ማኅበራት ተቋቁመዋል። በታሚል ናዱ ኮ-ኦፕቴክስ የሚባለው ከ1935 ጀምሮ የሸማኔ ማኅበራትን ጨርቅ በራሱ ሱቆች ይሸጣል። ደህና የሚሠሩ አሉ፤ በስም ብቻ የቀሩ፣ ሊቀመንበሩ ራሱ ነጋዴው የሆነባቸውም አሉ።

ሸማኔነት የዘር ነው? እንደኛ አገር ይናቃሉ?

በአብዛኛው የዘር ነው፤ ክብሩ ግን ቦታ ለቦታ ይለያያል። በቴላንጋናና አንድራ ያሉት ፓድማሳሊዎች፣ በካርናታካ ያሉት ዴቫንጋዎች ራሳቸውን ከጥንት ቅዱሳን የሚያስቆጥሩ፣ የተናቁ የማይባሉ ወገኖች ናቸው። የባናራስ ሸማኔዎች በአብዛኛው አንሳሪ የሚባሉ ሙስሊሞች ናቸው፤ የሂንዱ ሙሽራ የምትዳርበትን ሳሪ የሚሸምነው ሙስሊም መሆኑ እዚያ ማንንም አያስገርምም።

በጉጃራት ካች አውራጃ ያሉት ቫንካሮች ግን የማይነኩ ከሚባሉት ወገን ነበሩ። የሚገርመው ኑሯቸው ከራባሪ ከብት አርቢዎች ጋር የተሳሰረ መሆኑ ነው፤ አርቢዎቹ የበግ ጠጉር ያመጣሉ፣ ቫንካሮቹ ብርድ ልብስና የሴት መከናነቢያ ይሠሩላቸዋል። የሕንድ ሕገ መንግሥት ከ1950 ጀምሮ ሰውን «አይነኬ» ማለትን በሕግ ከልክሏል። እኛም ዘንድ አፄ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. ባለ እጅን መስደብ የሚከለክል አዋጅ አውጥተው ነበር፤ ሸማኔው «ቁጢት በጣሽ» ይባል የነበረበት ዘመን ነው። አዋጁ ስድቡን በአንድ ቀን እንዳላጠፋው የምናውቅ ሰዎች የካችን ነገር ለመረዳት አንቸገርም።

እንግሊዞች የሸማኔዎችን አውራ ጣት ቆርጠዋል የሚባለው እውነት ነው?

ይህ ጥያቄ ሳይመጣ የቀረበት ጊዜ የለም። ታሪኩ እንዲህ ይላል፦ የዳካው ሙስሊን በቀለበት የሚያልፍ ስስ ጨርቅ ነበር፣ እንግሊዞች የራሳቸው ፋብሪካ እንዲሸጥ ብለው የሸማኔዎቹን ጣት ቆረጡ። ስሜቱ ይገባኛል፤ ማስረጃው ግን ይህን አይልም። የወሬው ምንጭ ዊሊያም ቦልትስ የሚባል፣ ምሥራቅ ሕንድ ኩባንያ ከሚባለው የእንግሊዝ የንግድ ድርጅት ተባሮ የወጣ ነጋዴ በ1772 የጻፈው ነው። የጻፈው ስለ ጥጥ ሸማኔዎች ሳይሆን ስለ ሐር ጠቅላዮች ነው፤ ጣታቸውን የቆረጡትም ራሳቸው ናቸው ይላል፣ ሐር እንዲጠቀልሉ እንዳይገደዱ።

ይህ ለኩባንያው ምሕረት አያሰጠውም። የኩባንያው ወኪሎች ሸማኔውን ሳይፈልግ ቅድሚያ ገንዘብ ያስይዙት ነበር፣ ዋጋውን ራሳቸው ይቆርጡ ነበር፣ ለሌላ ሲሸጥ ከያዙት ይገርፉትና ያስሩት ነበር። ብሪታንያ ደግሞ በአገሯ ገበያ በ1700 እና በ1721 በወጡ ሕጎች የታተመ የሕንድ ጥጥ ጨርቅን አገደች፤ በአሥራ ዘጠነኛው መቶ ዘመን የእንግሊዟ ላንካሻየር የማሽን ክርና ጨርቅ ሕንድን አጥለቀለቀ። በዚህ ቀድማ የወደቀችው ሸማኔዋ ሳትሆን ፈታይዋ ናት። ሸማኔው የእንግሊዝን ክር እየገዛ መሸመኑን ቀጥሏል፤ እንዝርት ይዛ ቤቷ የምትተዳደር ሴት ግን የሚገዛት አጣች። ስለ እሷ ጣት የሚተርክ ሰው ሰምቼ አላውቅም።

ጋንዲ ሸማኔ ነበር?

ፈታይ ነበር። አርባ ዓመት ሊሞላው ሲል የሽመና ዕቃና የመፍተያ መንኮራኩር ልዩነት እንኳ አያውቅም ነበር፤ ይህን ራሱ ጽፎታል። አህመዳባድ ላይ ከተከታዮቹ ጋር የሚኖርበትን ማረፊያ (አሽራም) ሲመሠርት መጀመሪያ የተጀመረው ሽመና ነው፣ ክሩም የፋብሪካ ነበር። መፍተያውን ፈልጋ ያገኘችለት ጋንጋቤን ማጅሙንዳር የምትባል ባሏ የሞተባት ሴት ናት። በባሮዳ ግዛት ቪጃፑር በሚባል ቦታ ብዙ ሰዎች ቻርካቸውን ሰገነት ላይ ጥለው አገኘቻቸው፤ ባዘቶ የሚያቀርብና ክሩን የሚገዛ ካለ እንፈትላለን አሏት። በ1925 የሁሉም ሕንድ ፈታዮች ማኅበር ተቋቋመ።

ሸማኔዎቹ ሁሉ ግን ተደስተው አልነበረም። በጀማሪ እጅ የተፈተለ ክር አንዱ ጋ ይወፍራል፣ አንዱ ጋ ይሳሳል፣ ድር ሲሆን ይበጠሳል። የፋብሪካ ክር ለለመደ ሰው ቀኑን ሙሉ ሲቋጥር መዋል ነው። ለዛሬው የሕንድ የእጅ ሽመና ቀን የተመረጠው ቀንም የጋንዲ አይደለም፤ ከ2015 ጀምሮ ነሐሴ 7 ቀን (እንደ አውሮፓውያን) የሚከበረው በ1905 በካልካታ ከተማ አዳራሽ የአገር ምርት እንልበስ የሚለው የስዋዴሺ ንቅናቄ የታወጀበትን ለማሰብ ነው።

በማሽን አስመስሎ መሥራት ሕግ አይከለክልም?

ይከለክላል፣ በከፊል። በ1985 የወጣ ሕግ አንዳንድ የጨርቅ ዓይነቶች ለእጅ ሽመና ብቻ እንዲተዉ ያዝዛል። መጀመሪያ 22 ነበሩ፣ የማሽን ባለቤቶች ተከራክረው በ1993 ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ ሕጉን አጸናው፤ ኋላ ግን ዝርዝሩ ወደ 11 አጥሯል። አሳም ይህንኑ ሕግ ይዛ በመጋቢት 2023 በማሽን የተሠራ ጋሞሳን ከገበያ ማስወገድ ጀመረች። ጋሞሳ ነጭ ሆኖ ቀይ ጥለት ያለው፣ እንግዳ የሚከበርበት፣ አንገት ላይ የሚደረግ ጨርቅ ነው፤ ከሌላ ክልል በማሽን እየተሠራ በገፍ ሲገባባት ነበር።

ሌላው መንገድ የቦታ ስም ጥበቃ ነው። ካንቺፑራም፣ ባናራስ፣ የፓታን ፓቶላና ሌሎች ብዙ ጨርቆች በስማቸው ተመዝግበዋል። ምዝገባው ስሙን ይጠብቃል፣ አበባውን ግን መንገድ ላይ ያለ ማሽን ሁሉ በሳምንት ይቀዳዋል። ከውጭ ታትሞ የሚመጣ «የሀበሻ ልብስ» መርካቶ ውስጥ ስንት እንደሚሸጥ የሚያውቅ ሰው ይህን ለማመን ሩቅ አይሄድም።

ስገዛ በእጅ መሠራቱን እንዴት ላውቅ?

ጠርዙን እዩ። በእጅ ሲሸመን ጨርቁ እንዳይኮማተር ጫፎቹ ላይ መርፌ ያለው እንጨት ይወጠርበታል፤ በግራና በቀኝ ጠርዝ ደቃቅ የመርፌ ቀዳዳዎች ይተዋል። ቀጥሎ ገልብጡት። በማሽን የተሠራ ብዙ ጊዜ ከጀርባው ከአበባ ወደ አበባ የሚሻገር ክር አለው፣ ወይም ያ ክር ተከርክሞ ይታያል። በባናራስ ካድዋ በሚባለው ስልት ግን እያንዳንዱ አበባ ለብቻው ስለሚሠራ የሚንጠለጠል ክር የለም። ይህ ግን ብቻውን አይበቃም፤ በእጅ ተሠርቶም ክሩ የሚሻገር አለ።

ሐር ነው ከተባላችሁ ከጫፉ አንድ ክር መዝዛችሁ አቃጥሉ፤ የተቃጠለ ፀጉር ከሸተተ ሐር ነው፣ ቀልጦ ጥቁር ዶቃ ከሆነ ፕላስቲክ ነው። ከ2006 ጀምሮ መንግሥት የሚሰጠው የእጅ ሽመና ምልክትም አለ። ምልክቱ ይጠቅማል፤ ምልክቱን ማስመሰልም የማይቻል አይደለም። ዋጋው ለማመን የሚከብድ ርካሽ ከሆነ ሌላ ምርመራ አያስፈልግም።

ልጆች ይሠራሉ?

ይሠራሉ። በ2016 የተሻሻለው የሕንድ ሕግ ከ14 ዓመት በታች ያለን ልጅ መቅጠር ይከለክላል፤ ነገር ግን ከትምህርት ሰዓት ውጭና በዕረፍት ጊዜ፣ አደገኛ ባልተባለ ሥራ ቤተሰቡን መርዳት ይፈቅድለታል። ሽመና በአብዛኛው ቤት ውስጥ የሚሠራ ስለሆነ «መርዳት» የት ቆሞ «መሥራት» የት እንደሚጀምር ከውጭ ማየት አይቻልም። ወላጆች ሙያው በልጅነት ካልተያዘ እጅ አይፈታም ይላሉ። እውነት አላቸው። ክር የሚጠቀልል ልጅ ከሌለ ሸማኔው ረዳት መቅጠር እንዳለበትም ያውቃሉ፤ ይህኛውን ብዙ ጊዜ አይሉትም።

ዛሬ የሚያሳስባቸው ግን የተገላቢጦሹ ነው። ልጆቹ ተምረው አይመለሱም። ብዙ ሸማኔ አባት ደግሞ እንዲመለሱ አይፈልግም።

ማሽን ከገባ «የእጅ ሥራ» መባሉ አይቀርም?

የት ላይ እንደገባ ነው ጥያቄው። የ1985ቱ ሕግ ለእጅ ሽመና የሰጠው ትርጉም አጭር ነው፦ በኃይል ከሚሠራው ውጭ ያለ ማንኛውም የሽመና ዕቃ። ስለ ቀሰሙ፣ ስለ ድሩ፣ ስለ ክር ድወራው ምንም አይልም። መወርወሪያው በእጅ እስከተወረወረ ድረስ ከዚያ በፊት ያለው ሥራ በማሽን ቢሠራ ጨርቁ የእጅ ነው።

ከቴላንጋና አንድ ሰው ይህን ቀዳዳ ተጠቅሞበታል። በፖቻምፓሊ አካባቢ የሚሠራው ሳሪ ክሩ ከመቀለሙ በፊት አሱ የሚባል ሥራ አለው፤ ክሩን ግማሽ ክብ ቅርጽ በያዙ ችካሎች ላይ አንድ በአንድ እያመላለሱ መዘርጋት። የሚሠሩት ሴቶች ናቸው። ለአንድ ሳሪ እጅ 9,000 ጊዜ ያህል ይመላለሳል፣ ከአራት እስከ አምስት ሰዓት ይፈጃል። ቺንታኪንዲ ማሌሻም እናቱ ትከሻዋ እያመማት ይህን ስትሠራ እያየ ያደገ፣ ትምህርቱን በልጅነቱ ያቋረጠ የሸማኔ ልጅ ነው። ለዓመታት ሲሞክር፣ ሲበደር፣ ሲሳቅበት ቆይቶ በ1999 ያንን እንቅስቃሴ የሚሠራ ማሽን ጨረሰ። ሥራው ወደ አንድ ሰዓት ተኩል ወረደ። ስሙን ላክሽሚ አሱ አለው፤ ላክሽሚ የእናቱ ስም ነው። በ2017 የሕንድ መንግሥት ፓድማ ሽሪ የተባለውን የክብር ሽልማት ሰጠው። ማሽኑ የገባባቸው ቤቶች ውስጥ ሳሪው እንደ ድሮው ጉድጓድ ላይ በእጅና በእግር ይሸመናል፣ ሱቅ ውስጥ የሚያነሳው ገዢም ምንም ልዩነት አያይበትም።